ከአበልጅ ጋር ሱቅ ሲከፈት፦ ዝምድናን ወደ ሥራ ስንለውጥ የምንሠራቸው ስህተቶች

እኔ በምኖርበት፣ በአዲስ አበባ ዳር ባለው በቱሉ ዲምቱ የኮንዶሚኒየም ሰፈር አብዛኛው ትንሽ ሥራ የሚጀመረው በሰው ነው። ብሎኬት ማምረቻው ከአበልጅ ጋር፣ ባልትናው በእኅትማማቾች፣ ባጃጁም በዕቁብ ገንዘብ ቆሟል። ይህ ለክርስቲያን ነውር አይደለም፤ ቅዱስ ጳውሎስ ቆሮንቶስ በደረሰ ጊዜ ከአቂላና ከጵርስቅላ ቤት ተቀምጦ አብሯቸው የሠራው ሁሉም ድንኳን ሰፊዎች ስለነበሩ መሆኑን የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 18 ይነግረናል። ነገሩ የሚበላሸው ይሉኝታን የሥራው መያዣ ያደረግነው ዕለት ነው፤ ከዚህ በታች የማነሣቸው ስህተቶች ሁሉ ከዚያ የሚወለዱ ናቸው።

ከሁሉ የከፋውና እኔም የወደቅሁበት፣ በቅርብ ሰዎች መካከል ወረቀትን እንደ ስድብ መቁጠር ነው። ከዓመታት በፊት ልጁን ክርስትና ካነሣሁለት ወዳጄ ጋር አነስተኛ የግንባታ ዕቃ ሱቅ ከፈትን። እኔ የስድስት ወር ኪራይ ከፍዬ የመጀመሪያውን ሚስማር፣ ቆርቆሮና ቀለም አስገባሁ፤ እርሱ ደግሞ ሱቁ ውስጥ ሊውል ተስማማን። ጉልበቱ እንደ ድርሻ ይቆጠር ወይስ እንደ ደመወዝ፣ አልተነጋገርንበትም፤ «በእኔና በአንተ መካከል ምን ወረቀት ያስፈልጋል» ያልኩትም እኔው ነበርኩ። በአራተኛው ወር ከመሳቢያው ለቤት አስቤዛ እያለ የሚያነሣትን ብር እኔ ጉድለት እላታለሁ፣ እርሱ ደመወዜ ይላታል። ሁለታችንም ሌቦች አልነበርንም፤ ግን በዚያ ዓመት ለጥምቀት እንኳ ቤት ለቤት አልተጠያየቅንም።

ነቢዩ ኤርምያስ የአጎቱ ልጅ አናምኤል በዓናቶት ያለውን እርሻ ሲሸጥለት ያደረገውን በምዕራፍ 32 ያነበበ ሰው ግን ወረቀት የእምነት ማነስ ምልክት ነው ሊል አይችልም። ከተማይቱ በጠላት ተከብባ፣ እርሱም በግዞት ቤት አደባባይ ታስሮ ሳለ፣ 17 ሰቅል ብር በሚዛን መዘነ፣ ውሉን ጽፎ አተመ፣ ምስክሮችም ፈረሙበት፤ ሻጩ የሥጋ ዘመዱ ነበር። የአገራችን ሕግም ቢሆን ለይሉኝታ ቦታ አልተወም፤ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2472 እንደሚደነግገው ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ አለዚያም ተበዳሪው በፍርድ ቤት ሲያምን ወይም በመሐላ ብቻ ነው። ዛሬ 500 ብር አንድ ኩንታል ሲሚንቶ አይገዛም፤ ስለዚህ ለወንድም የምናበድረው ገንዘብ ሁሉ ከሞላ ጎደል ከዚህ በላይ ነው ማለት ይቻላል።

ዋስትናን እንደ ምርቃት መስጠትም ሌላው ስህተት ነው። በዕቁብ ቀድሞ ዕጣ የወጣለት ሰው ቀሪውን ዙር ሳያቋርጥ እንደሚከፍል ዋስ ያቀርባል፤ እኛም አብሮን ቅዳሴ የሚቆም ሰው «ፈርምልኝ» ሲለን መጠኑን እንኳ ሳንጠይቅ እንፈርማለን። መጽሐፈ ምሳሌ በምዕራፍ 22 ስለ ሌላ ሰው ዕዳ ዋስ የሆነ ሰው ምንጣፉ ከበታቹ እንዳይወሰድበት ያስጠነቅቃል። ፍትሐ ብሔሩም በቁጥር 1922 ዋስትና በግልጽ መሰጠት እንዳለበትና ዋሱ የገባበት የገንዘብ ልክ ካልተገለጠ ውሉ እንደማይጸና ይናገራል። ዋስ መሆን በጎ ሥራ ሊሆን ይችላል፤ ቢጠፋ ከኪሴ ከፍዬ ያን ሰው ሳልቀየመው መኖር እችላለሁ ብሎ ራሱን ለጠየቀ ሰው።

ስለ ለቅሶ ቤት ብዙ ማለት አልሻም፤ ያየሁትን ግን ልናገር። በሠልስት ዕለት፣ በዕድሩ ድንኳን ውስጥ፣ ንፍሮው በሰሃን እየዞረ ሳለ አንድ ጎልማሳ የሟች ወንድም አጠገብ ተጠግቶ ሰው በማስገባት ብቻ ገቢ ስለሚገኝበት «ቢዝነስ» በሹክሹክታ ያስረዳ ነበር። ሐዘንተኛው ጭንቅላቱን ይነቀንቃል፤ ምን ያድርግ። በርግጥ ገንዘቡ ከሚሸጠው ዕቃ ይልቅ አዳዲስ አባላትን ከማስገባት የሚመጣ ከሆነ የፒራሚድ ሽያጭ ነው፤ ይህንንም የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ይከለክላል። ሕጋዊ ዕቃ ቢሆንም እንኳ ሊጽናና የተቀመጠ ሰው «አይሆንም» የማለት አቅም የለውም፤ እምቢ ማለት ለማይችል ሰው መሸጥ ደግሞ ንግድ አይባልም። የማኅበርና የሰንበቴ ስም ዝርዝርም የደንበኛ መዝገብ አይደለም።

ብዙ የማይወራበት፣ እኔ ግን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ስህተት ከገጠር የመጣችን የዘመድ ልጅ ሱቅ አስቀምጦ «ቤተሰብ ናት» በሚል ደመወዟን ሳይወስኑ ዓመታት ማሳለፍ ነው። ልጅቱ ጠዋት እንጀራ ጋግራ ሱቁን ትከፍታለች፣ ማታ ትዘጋለች፣ ለበዓል ልብስ ይገዛላታል፣ ሒሳብ ግን የላትም። ላባ እንኳ፣ ያ አታላይ ላባ፣ ያዕቆብን ዘመዴ ስለ ሆንህ በከንቱ ታገለግለኛለህን ብሎ ደመወዙን እንዲናገር ጠይቆታል (ዘፍጥረት 29)። እርግጥ ነው፣ በኋላ ደመወዙን እየለዋወጠ 20 ዓመት አሠራው፤ ያዕቆብ በምዕራፍ 31 ያሰማው ምሬትም የብዙ የዘመድ ልጆች ምሬት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠርን ይከለክላል፣ ለሠራተኛም በሳምንት ከ24 ሰዓት ያላነሰ ያልተቋረጠ ዕረፍት ይሰጣል። እኛ እሑድ ነጠላ ለብሰን ስንወጣ እርሷ ሱቁን እንድትጠብቅ የምናደርግ ከሆነ፣ ስለ ሰንበት የተሰጠው ትእዛዝ አገልጋይንም ስሙን ጠርቶ የሚያሳርፍ መሆኑን ረስተናል።

ገዢም ይሳሳታል። ዘመድ ሱቅ ከፈተ ሲባል ዋጋ ለማስቀነስና ዱቤ ለመውሰድ የምንሽቀዳደም፣ የምንከፍለውን ግን ለባዕድ ሱቅ የምናስቀድም ብዙዎች ነን። የእርሱን ሱቅ የሚያዘጋው ይህ ነው፤ ለዘመድ ሱቅ መቆርቆር ሙሉ ዋጋ ከመክፈል ይጀምራል።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። በዝምድና ብቻ የሚዞር ሥራ ዘመድ የሌለውን ውጭ ያስቀረዋል። በዚህ በከተማው ዳር ብዙዎቻችን ከየቦታው የመጣን ነን፤ ከእኛ በፊት እዚህ ያርስ የነበረው ገበሬም ልጆች አሉት። የአዲስ ኪዳኑ ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 2 ላይ የወርቅ ቀለበት ላደረገው ወንበር፣ ለድሃው ወለል ማቅረብን ሲወቅስ ስለ ጉባኤ ቢናገርም፣ ነገሩ ለቅጥርም ይሠራል። ሁለት ሠራተኛ የሚያስፈልገው ሰው አንዱን ከዘመዶቹ ውጭ ቢፈልግ አይጎዳም።

የእኔና የአበልጄ ጉዳይ የተፈታው ማቴዎስ 18 እንደሚያዘው መጀመሪያ ብቻዬን ሄጄ፣ አልሳካ ሲል ሁለት ሽማግሌ ይዤ በመመለሴ ነው። የሱቁን ደብተር ዘርግተን ሦስት ቅዳሜ ከሰዓት ተሳሰብን። እኔ ገንዘብ እንደሚመለስልኝ እርግጠኛ ነበርኩ፤ የጉልበቱ ዋጋ ተቆጥሮ አስቤዛው ሲቀነስ ግን የአንድ ወር ተኩል ደመወዝ ዕዳ የተገኘብኝ እኔ ነኝ። ከፈልኩ፤ በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ ሁለታችንም ፈረምን፣ የክርስትና ልጄ እናትም ቡናውን አቅርባ ስታበቃ በምስክርነት ፈረመችበት።