ባሌ የደበቀውን ክሪፕቶ እንዴት እንዳገኘሁት

ፍቺ ስንጀምር ባሌ «ክሪፕቶው ከስሯል፣ ያለን ቤቱ ብቻ ነው» አለ። ጅማ ላይ የቡና ወቅት ሲደርስ እጁ የሚገባውን ብር ስለማውቅ አልተዋጠልኝም።

የጋራ ሂሳባችንን ስቴትመንት ከባንክ አስወጣሁ። በስሙ ብቻ ላለው ሂሳብ ግን የፍርድ ቤት ትእዛዝ ያስፈልጋል። ዓይኔን የሳበው ሌሊት ሌሊት ለማላውቃቸው ሰዎች የተላከ ብር ነው። ምክንያት የሚለው ቦታ ባዶ። ክሪፕቶን በቀጥታ ከሌላ ሰው መግዛት፣ ፒቱፒ የሚሉት፣ እንዲህ ነው የሚሰራው፦ ገዢው ብሩን በባንክ ለሻጩ ይልካል፤ ሻጩ ሲደርሰው መገበያያው፣ ማለትም ሁለቱን የሚያገናኘው የክሪፕቶ መድረክ፣ በመያዣ ያስቀመጠው ዩኤስዲቲ (ዋጋው ከዶላር ጋር የተሳሰረ ክሪፕቶ) ለገዢው ይለቀቃል። ክሪፕቶው ባይታይም ብሩ ዱካ ይተዋል።

ስልኩን መጎርጎር አምሮኝ ነበር፤ ጠበቃዬ «ተይው፣ ጣጣ ታመጪብናለሽ» አለችኝ። በምትኩ ባሌ ክሪፕቶ የገዛበትንና ከመገበያያው ወደ ሌላ አድራሻ ያወጣበትን ታሪክ አውርዶ እንዲያቀርብ ፍርድ ቤቱን ጠየቅን፤ ታዘዘ። ያወጣበት ዝርዝር ላይ በላቲን «ቲ» የሚጀምር አንድ ረጅም አድራሻ ይደጋገማል። ትሮን በሚባለው የክሪፕቶ መረብ ላይ ያለ ዋሌት (የክሪፕቶ ቦርሳ) ነው። የትሮንን ዝውውር የሚያሳየው ትሮንስካን የሚባል ድረ ገጽ ላይ አድራሻውን ለጠፍኩት። ይለፍ ቃል የለ፣ ፈቃድ የለ፣ ለማንም ክፍት ነው። ከሰረ የተባለው ገንዘብ ቁጭ ብሏል!

በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ንብረት የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል፤ የግሌ ነው ባዩ ነው ማስረዳት ያለበት። እሱ አልቻለም። ስክሪንሾቱን ከነቀኑ አትመን አያያዝን። ዋሌቱን ማስከፈት ራስ ምታት ስለሆነ የእኔ ድርሻ በብር ተሰልቶ ከእሱ የቤት ድርሻ ላይ ተቀነሰ።