በጃፓን የቆዩ ካፌዎች ውስጥ እንግዶች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኪሳተን የሚለው የጃፓንኛ ቃል ሲፈታ ሻይ መጠጫ ቤት ማለት ቢሆንም፣ የእነዚህ የቆዩ ቤቶች ዋና ጉዳይ ቡና ነው። ቶኪዮን ሊጎበኙ የሚመጡ ወገኖቼን ወደ እነዚህ ቤቶች ስወስድ ተመሳሳይ ስህተቶችን ደጋግሜ ስላየሁ ይህን ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ ጥድፊያ ነው። ጊንዛ በተባለው ሰፈር እ.ኤ.አ. በ1948 የተከፈተው ካፌ ድ ላምብር ቡና ብቻ የሚሸጥ ቤት ነው። መሥራቹ ኢቺሮ ሴኪጉቺ እ.ኤ.አ. በ2018 በ103 ዓመታቸው ያረፉ ሲሆን፣ ጥሬ ቡናን ለዓመታት አቆይቶ መቁላት እስከ ዛሬ የቤቱ መለያ ነው። በእንዲህ ያሉ ቤቶች ቡናው ለእያንዳንዱ እንግዳ ለብቻው ተፈጭቶ በጨርቅ ማጥለያ ውስጥ ይደረግና ሙቅ ውኃ እንደ ክር እየቀጠነ ይንቆረቆርበታል፤ ውኃው ከፈጠነ ጣዕሙ ሳይወጣ ስለሚያልፍ ቀጂው ዓይኑን ከማጥለያው አይነቅልም። አንድ ጊዜ አብሮኝ የገባ እንግዳ ሰዓቱን እያየ «ቡናችን ምን ሆነ?» እያለ ሦስት ጊዜ ሲጣራ፣ ሽማግሌው ባለቤት ማንቆርቆሩን አቋርጠው ይቅርታ ለመጠየቅ ጎንበስ አሉ። ያቋረጡትን ቡና ደፍተው እንደ አዲስ ጀመሩ። ቡና ታጥቦና ተቆልቶ፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪባል መጠበቅን ከእናቱ የተማረ ሰው የእኒህን አዛውንት እጅ መታገስ እንዴት ያቅተዋል? እባካችሁ፣ ጊዜ ከሌላችሁ ሌላ ቀን ሂዱ።

ሁለተኛው ስህተት «ሞካ» የሚለውን ጽሑፍ አይቶ ማለፍ ነው። ብዙዎች ቸኮላት የገባበት መጠጥ ይመስላቸዋል፤ እኔም በመጀመሪያው ዓመቴ እንደዚያው እያሰብኩ ሳልቀምሰው መቅረቴ ይቆጨኛል። በጃፓን ሞካ የሚባለው፣ በየመኑ ወደብ ስም የሚጠራው የየመንና የኢትዮጵያ ቡና ነው። ስለዚህ ሞካ ሐረር ወይም ሞካ ሲዳሞ የሚል ካያችሁ የአገራችን ቡና ነው። በኪሳተን ብዙውን ጊዜ ጠቆር ብሎ ስለሚቆላ ጣዕሙ ከቤታችሁ ቡና ቢለይ ተበላሽቷል ብላችሁ አትመልሱት።

በሺቡያ የሚገኘውና እ.ኤ.አ. በ1926 የተመሠረተው ላዮን ክላሲካል ሙዚቃ የሚደመጥበት ቤት ነው። መቀመጫዎቹ እንደ ቤተ ክርስቲያን ወደ ፊት፣ ወደ ግዙፎቹ ድምፅ ማጉያዎች የዞሩ ናቸው። እዚያ ጨዋታ መጀመርም ሆነ ፎቶግራፍ ማንሳት ክልክል ነው፤ ጓደኛችሁን ልታጫውቱ ካሰባችሁ ሌላ ቤት ምረጡ።

የጉርሻ ገንዘብ ጠረጴዛ ላይ ትታችሁ አትሂዱ፤ አስተናጋጁ የረሳችሁት ገንዘብ መስሎት መንገድ ድረስ ተከትሎ ሊመልስላችሁ ይችላል። ብዙዎቹ የቆዩ ቤቶች ካርድ ስለማይቀበሉ ጥሬ ገንዘብ ያዙ።

ናጎያ ከሄዳችሁ ደግሞ ጠዋት ቁርስ ለብቻው ለማዘዝ አትቸኩሉ፤ በዚያች ከተማ በብዙ ካፌዎች በማለዳ አንድ ስኒ ቡና ያዘዘ ሰው የተጠበሰ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይቀርብለታል።