የሳይኮሎጂ ተማሪዎች፣ እነዚህን ስህተቶች ተዉአቸው

የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎችን ሳስጠና ዓመታት አልፈዋል። ተማሪው ይቀያየራል፣ ስህተቱ ግን ያው ነው። ሰሞኑን አንዱን ስህተት በተከታታይ ሦስት ጊዜ ሳይ ዝም ማለት አቃተኝ።

እሱን ላስቀድም። ሰው ላይ የበሽታ ስም መለጠፍ! አብኖርማል ሳይኮሎጂ (ስለ አእምሮ ሕመሞች የሚያስተምረው ኮርስ) ተጀምሮ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ዶርም ውስጥ ጤነኛ ሰው ይጠፋል። ልብሷን አጣጥፋ የምታስቀምጠው «ኦሲዲ አለባት»፣ ጠዋት ስቆ ማታ የተቆጣው «ባይፖላር ነው»፣ የተለያችሁት ፍቅረኛ ደግሞ «ናርሲሲስት»። ተዉ! አንድ ምልክት ብቻውን ምንም አይናገርም። ምን ያህል ቆየ? ኑሮን ምን ያህል አናጋ? ሌላ ምክንያት የለውም ወይ? ለከባድ ድባቴ (ዲፕሬሽን) እንኳ ዲኤስኤም በሚባለው የአእምሮ ሕመሞች መለያ መጽሐፍ ላይ ከዘጠኝ ምልክቶች ቢያንስ አምስቱ፣ ለሁለት ሳምንት አብረው መታየት አለባቸው፣ ከሌላ በሽታ የመጡ አለመሆናቸውም መጣራት አለበት። ይቺን የመጨረሻዋን ሁሉም ዘሏት ያልፋል።

እኔም ዘልያታለሁ። ሦስተኛ ዓመት እያለሁ የዶርም ጓደኛዬ ከአልጋ መነሳት አቃታት። ክላስ ትቀራለች፣ ምግብ አያሰኛትም፣ በግንቦት ሙቀት ጋቢ ተከናንባ ትተኛለች። ሃንዳውቴን ገልጬ ምልክቶቹን ቆጠርኩና «ድባቴ ነው» አልኳት። አንድ ወር ሙሉ ማታ ማታ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ስለ ልጅነቷ ጠየቅኋት። በኋላ አክስቷ መጥተው ሐኪም ቤት ወሰዷት። ደሟ ሲመረመር ታይሮይድ ዕጢዋ በቂ ሆርሞን እንደማያመርት ታወቀ። ብርድ ብርድ የሚላትም ለዚያ ነበር። ጋቢው በየቀኑ ዓይኔ ሥር እያለ አንድም ቀን ለምን አላልኩም። ያንን ወር በእኔ ምክንያት ነው ያጣችው፣ እስካሁን ይቆጨኛል። ጓደኛችሁ ካሳሰባችሁ ስሙት፣ ከዚያ አብራችሁት ወደ ተማሪዎች ክሊኒክ ሂዱ። የበሽታውን ስም የሠለጠነ ባለሙያ ያውጣው።

ሁለተኛው፣ ሳይኮሎጂ ማለት ክሊኒካል፣ ማለትም የአእምሮ ሕመምን መርምሮ መርዳት ብቻ የሚመስላችሁ ነገር። «እኔ ሰው መርዳት ነው የምፈልገው፣ ዴቨሎፕመንታል (የሰው ዕድገት ጥናት) ምን ያደርግልኛል?» ትሉኛላችሁ። እሺ፣ አንዲት እናት የሦስት ዓመት ልጇ አልጋ ላይ ይሸናል ብላ ብትመጣ ምን ትሏታላችሁ? እንደ ችግር የሚቆጠረው ልጁ ቢያንስ አምስት ዓመት ሲሞላው ነው። የጤነኛን ልጅ ዕድገት ካላወቃችሁ እናቲቱን በከንቱ አስጨንቃችሁ ትሸኛላችሁ። ሶሻሉም፣ ኮግኒቲቩም፣ የሥራና የድርጅት ሳይኮሎጂውም እንደዚያው ነው። ቅርንጫፎቹ የሚለያዩት ለኮርስ አመቺነት ነው፣ ፊታችሁ የሚቀመጠው ሰው ግን አንድ ነው።

ሳይኮሎጂስትና ሳይካትሪስትንም አታምታቱ። ሳይካትሪስት መጀመሪያ የሕክምና ዶክተር ነው፣ መድኃኒት ያዛል። ይህንን ለዘመድም ለጎረቤትም አስረዱ።

ስም መሸምደድ ደግሞ አለ። ኤክዚት ኤግዛም ከመጣ ወዲህ ብሷል። የልጆች አስተሳሰብ እንዴት እንደሚያድግ ያጠናው ፒያዤ «ፒያዤ፣ አራት ደረጃ» ተብሎ ይታለፋል። እባካችሁ ቤት ስትሄዱ አራት ወይም አምስት ዓመት የሆነው ልጅ ፈልጉ። ሁለት እኩል የሻይ ብርጭቆ ላይ እኩል ውሃ ሙሉ። እኩል ነው ብሎ ሲያምንላችሁ፣ እያየ አንዱን ወደ ቀጭንና ረጅም ብርጭቆ ገልብጡት። አሁን የቱ ይበልጣል በሉት። ብዙዎቹ ሳያመነቱ ረጅሙን ያሳያሉ። የሰባት ስምንት ዓመት እህቱ ደግሞ አጠገቡ ቆማ «ያው ነው እኮ!» ትላለች። ይህን በዓይኑ ያየ ሰው ፈተና ላይ አይጠፋበትም።

ኔጋቲቭ ሪኢንፎርስመንት ቅጣት አይደለም። አይደለም! ልጅ ሱቅ በር ላይ ማስቲካ ብሎ ያለቅሳል፣ እናት ትገዛለታለች፣ ለቅሶው ይቆማል። የሚያስጨንቃት ነገር ስለተወገደላት ነገም ቶሎ ትገዛለች። ኔጋቲቭ የሚባለው ይህ መወገድ ነው፣ ባህሪው ግን እየበረታ ይሄዳል። ቅጣት ባህሪን ያዳክማል። ልጁስ? ማስቲካውን ስላገኘ ነገም ያለቅሳል፣ የእሱ ፖዘቲቭ ነው።

«ይሄ የፈረንጅ ነገር ነው፣ እኛን አይመለከትም» ማለትም አለ። ግማሹ እውነት ነው፣ ብዙ ጥናት የተሠራው በምዕራባውያን ተማሪዎች ላይ ነው። ግን ሳታነቡ አትጣሉ። የእናትና የልጅ ትስስርን ያጠናችው ሜሪ ኤይንስወርዝ አሜሪካ፣ ባልቲሞር ከመሄዷ በፊት በ1950ዎቹ አጋማሽ ኡጋንዳ ውስጥ፣ ካምፓላ አካባቢ፣ 26 ቤተሰቦችን ቤታቸው ድረስ እየሄደች ተመልክታለች። ለእኛ ቅርብ የሆነውን ይህን ክፍል ሃንዳውቱ አይጽፈውም፣ ፈልጋችሁ አንብቡት።

ስታቲስቲክስን አትሽሹ። ባለፈው አንድ ልጅ ለሲኒየር ኤሴዩ (ለመመረቂያ ጥናቱ) መጠይቅ በትኖ፣ ሰብስቦ ከጨረሰ በኋላ መጣ። ጥያቄው የእንቅልፍ ሰዓት ብዛትና ውጤት ይያያዛሉ ወይ ነው። መጠይቁ ላይ ያለው ግን «በቂ እንቅልፍ ታገኛለህ? አዎ፣ አይ» ብቻ ነው። ሰዓቱን አልጠየቀም፣ ስለዚህ ከውጤት ጋር የሚያነጻጽረው የሰዓት ቁጥር የለውም። ማስረከቢያው አሥራ አንድ ቀን ቀርቶት እንደገና ዶርም ለዶርም ዞረ። መጠይቃችሁን ከመበተናችሁ በፊት ለሚያውቅ ሰው አሳዩ፣ ለእኔም ቢሆን አምጡት፣ በደስታ አያለሁ።