ተከላካይ ሆናችሁ ስትደረድሩ

እንደ አድቫንስድ ስኳድ ሊደር (1985) ያሉ የጠረጴዛ የጦርነት ጨዋታዎችን የምትጫወቱ፣ ይቺን ልብ በሉ። አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚደረድረው ተከላካዩ ነው፤ አጥቂው አይቶ ይገባል። ስለዚህ ጦራችሁን በሙሉ ፊት ላይ አትደርድሩ። የመጀመሪያው ዙር ተኩስ ይጨርሰዋል። ጥቂቱን ፊት አድርጉ፤ ዋናውን ከሕንፃና ከዛፍ ጀርባ፣ ማፈግፈጊያ መንገድ ትታችሁለት።

የተደበቀ መድፍ ካላችሁ ደግሞ የቆመበትን ቦታ ቁጥርና አፈሙዙ የዞረበትን አቅጣጫ ጨዋታው ሳይጀመር ወረቀት ላይ ጻፉ። ሲገለጥ ወረቀቱን ለተጋጣሚ አሳዩት። የአጥቂውን ታንክ ካዩ በኋላ «እዚህ ነበር» ማለት ጨዋታውን ይገድለዋል፣ በጣም ነው የሚያናድደው! ተጋጣሚያችሁ ጀማሪ ከሆነ፣ የሁኔታ ካርዱ (የምትጫወቱትን ውጊያ የሚገልጸው ካርድ) ላይ ለየወገኑ የተጻፈች ማመጣጠኛ፣ ማለትም ጨዋታውን እኩል ለማድረግ ለአንዱ ወገን የምትሰጥ ትንሽ ብልጫ፣ አለች፤ ሳይጠይቃችሁ ስጡት።