ሁሉም ልጅ በሰውነቱ ፊደል እንዲሠራ

አንደኛ ክፍል ሳስተምር ልጆቹን በሰውነታቸው ፊደል አሠራለሁ። ስጀምር በክራንች የሚሄደውን ልጅ «አንተ ዳኛ ነህ» ብዬ ጥግ አስቀምጠው ነበር። ጓደኞቹ እየተሳሳቁ ሲሠሩ እሱ ሲያይ ዋለ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ጨዋታውን ያሰብኩት ለሚቆም ልጅ ብቻ ነበር። አሁን እንዲህ ነው የማደርገው።

አግዳሚ ወንበሮቹን ወደ ግድግዳ ገፋ አድርጉና ልጆቹን በአራት በአራት ቧድኑ። በ«በ» ጀምሩ። «በ ምን ምን አላት?» ስትሏቸው «ጣሪያና ሁለት እግር» ይሏችኋል። «በምን እንሥራት?» ብላችሁ ከዚያ ዝም በሉ። «እግራችሁን ከፍታችሁ ቁሙ» ካላችሁ ግማሹን ነገር ወሰዳችሁባቸው። አንዱ እግሩን ከፍቶ ይቆማል፤ ሁለቱ ፊት ለፊት ቆመው እጅ ለእጅ ይያያዛሉ፤ አንዷ ተቀምጣ ሁለት ጣቷን ጠረጴዛ ላይ ታቆማለች። ሁሉም «በ» ነው።

ከዚያ ቅጥያዎቹን አምጡ። ካዕብ «ቡ» በቀኝ ወገቧ ላይ እጅ አላት፤ ሣልስ «ቢ» እጇ ወደ ቀኝ እግሯ ይወርዳል፤ ራብዕ «ባ» ቀኝ እግሯ ይረዝማል፤ ኃምስ «ቤ» ቀኝ እግሯ ላይ ቀለበት ታስራለች፤ ሳብዕ «ቦ» የምትረዝመው በግራዋ ነው። ሳድስን እኔ ለሰሌዳ እተዋታለሁ፤ መልኳ ከፊደል ፊደል ይለያያል።

አንድ ነገር አደራ፦ ፊደል የሚሠሩት ልጆች ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው ያዙሩ። ወደ ጓደኞቻቸው ዞረው ቀኝ እጃቸውን ቢዘረጉ ለሚያየው በግራ ይሆንበታል፤ «ቡ» ተገልብጣ ትጠናለች።

አንድ ቀን «ቤ» ላይ ስንደርስ በተሽከርካሪ ወንበር የምትመጣው ልጅ «ቀለበቷ እኔ ጋ አለች!» ብላ ጎማዋን መታ መታ አደረገች። ጓደኛዋ እግሩን ከፍቶ ቆመ፤ እሷ ወንበሯን እየገፋች መጥታ ቀኝ እግሩ ሥር ተጠጋች። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ቤ!» አለ። እናንተ ቀድማችሁ «ጎማሽን አምጪ» እንዳትሏት፤ ወንበሩ የሷ ነው፤ ስትፈልግ እሷ ታምጣው።

ዓይነ ስውር ልጅ ካለ ፊደሉን በእጁ ያንብብ። ግን «ልንካህ?» ብሎ ይጠይቅ፤ ያኛውም «እሺ» ይበል። መነካት የሚጨንቀው ልጅ ፊደሉን በገመድ መሬት ላይ ይሥራ። መስማት ለተሳናት ልጅ ጭብጨባ ምልክት አይሆናትም፤ እኔ ሰሌዳው ጋ ቆሜ ቀይ ጨርቅ ከፍ ሳደርግ ሁሉም ባለበት ይደርቃል። ጨርቁ ለክፍሉ በሙሉ ነው እንጂ ለሷ ብቻ አይደለም።

ፊደሉ ከተያዘ ወደ ቃል ውሰዱት። «ቡ» ወገቧን እንደያዘች ጀበና ትሁን፤ አንዱ ፍም፣ አንዱ ጭስ፣ አንዱ ሲኒ ይሁን። «ቡና ፈላ!» ይባልና ጀበናዋ ወደ ሲኒው ታዘነብላለች። ያ ባለክራንች ልጅ ጭስ መሆን መረጠ፤ ተቀምጦ በትከሻው ብቻ፣ እንደ እስክስታ ቀስ እያለ ሽቅብ ወጣ። ሌሎቹ ጭሶች እሱን እያዩ ሠሩ።

ሰውነታቸው ሳይቀዘቅዝ ወዲያው ደብተር ያውጡና ይጻፉ። በማግስቱ ወደ «ሰ» እለፉ፤ እግሮቿ እንደ «በ» ናቸው። «ረ»ን ግን አቆዩአት፤ «ሩ»ና «ሪ» በዚህ ሥርዓት አይሄዱም።