ጽሑፋችሁ ጆርናል ላይ ሲንገላታ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

ባለፈው መስከረም አንድ የኮምቦልቻ ባልደረባዬ የሃረጎን ዳገት ሽቅብ ወጥቶ ደሴ ፒያሳ ቡና ቤት ቀጠረኝ። ፊቱ ጠቁሯል። በሌዮሌ ወንዝ ውሃ ላይ የሠራው ጽሑፍ ከላከበት የምርምር መጽሔት፣ ከጆርናሉ፣ ተመልሶ መጥቷል፤ ደብዳቤው "ሜጀር ሪቪዥን" ይላል፣ ብዙ ተስተካክሎ ይመለስ ማለት ነው። "ጣሉት እኮ!" አለኝ። ስልኩን ተቀብዬ ደብዳቤውን ሁለቴ አነበብኩት። ማንም አልጣለውም። በመጀመሪያው ዙር እንዳለ "ይታተም" የሚባል ጽሑፍ ከስንት አንዴ ነው የሚገኘው፤ ለእሱ የመጣለት መልስ የምሥራች ነበር።

እኔም ጽሑፍ ስልክ፣ የሰው ጽሑፍም ስገመግም የታዘብኩት ይህንኑ ነው። ጆርናል የሚልከው መልእክት ሁሉ የየራሱ ትርጉም አለው፤ እኛ ግን ሁሉንም "እምቢ አሉኝ" ብለን እናነበዋለን። እስቲ እንደ መካኒክ እንሂድበት፤ መጀመሪያ ድምፁን እንስማ፣ ከዚያ ብልሽቱን እንለይ፣ ከዚያ እንፍታ።

በሦስተኛው ቀን "አንቀበልም" የሚል ኢሜይል መጣ

ይህን ያህል ከፈጠነ ጽሑፉን ገምጋሚ፣ ማለትም ጆርናሉ አስተያየት የሚጠይቀው የመስኩ ባለሙያ፣ አላየውም። የጆርናሉ አዘጋጅ፣ ኤዲተሩ፣ ብቻውን አይቶ መልሶታል፤ "ዴስክ ሪጀክት" የሚሉት ይህን ነው። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ርዕሱ የጆርናሉ መስክ አለመሆኑ ነው። አለዚያ የሥነ ምግባር ፈቃዱ አልተጠቀሰም፣ ወይም ከሌሎች ጽሑፎች ጋር በሶፍትዌር የሚለካው የመመሳሰል መቶኛው በዝቷል።

ከመላካችሁ በፊት የጆርናሉን የሁለት ዓመት እትሞች ርዕሳቸውን ብቻ እንኳ ተመልከቱ። ከእናንተ ሥራ ጋር የሚቀራረብ አንድም ካጣችሁ ሌላ ፈልጉ። መመሳሰሉን በተመለከተ ደጋግሞ የሚገጥም ነገር አለ፤ ሶፍትዌሩ የሚይዘው የራሳችሁን የማስተርስ ቴሲስ ይሆናል፣ ዩኒቨርሲቲው ድረ ገጹ ላይ ስለጫነው። ጽሑፉ ከቴሲስ የወጣ መሆኑን በሽኚ ደብዳቤው ላይ በአንድ መስመር ግለጹ። ብዙ ጆርናሎች ይቀበሉታል፤ ጥርጣሬ የሚያመጣው ዝምታው ነው።

ወራት አለፉ፣ ጽሑፉ የት እንደደረሰ የሚያሳየው የጆርናሉ ገጽ አልተቀየረም

ብዙ ጊዜ ገምጋሚ አልተገኘም ማለት ነው። ገምጋሚዎች ብዙውን ጊዜ ለዚህ ሥራ አይከፈላቸውም፤ ከማስተማርና ከራሳቸው ምርምር በሚተርፋቸው ሰዓት ነው የሚያነቡት። ኤዲተሩ ሁለት ሰው ለማግኘት ብዙ ሰው ይለምናል፤ እሺ ያለውም አንዳንዴ ይጠፋል።

ሦስት ወር ገደማ ሲሞላ የጽሑፉን ቁጥር ጠቅሳችሁ አጭርና ትሁት ኢሜይል ላኩ። ጆርናሉ ገምጋሚ ጠቁሙ ካለ መስኩን የሚያውቁ፣ አብረዋችሁ ያላሳተሙ፣ አማካሪያችሁም ያልሆኑ ሰዎችን ከተቋማቸው ኢሜይል ጋር ስጡ። ትዕግሥት አልቆ ያንኑ ጽሑፍ ሌላ ጆርናል ላይ መላክ ግን ነገር ማበላሸት ነው። መተው ከፈለጋችሁ በጽሑፍ አስወጡ፣ ማረጋገጫው እስኪደርስ ጠብቁ፣ ከዚያ ወደ ሌላው ሂዱ።

"ሜጀር ሪቪዥን" ተባለ፣ አስተያየቱ ደግሞ ያናድዳል

ወደ ባልደረባዬ ልመለስ። 2ኛው ገምጋሚ "ናሙናው ለምን በክረምት ብቻ ተወሰደ? ወንዙ በበጋ ሌላ ወንዝ ነው" ብሎታል። እሱም ሌሊቱን መልስ ጽፎ አድሯል፦ "ገምጋሚው የአገራችንን ሁኔታ አያውቅም። በበጋ በጀት አልነበረም።" እውነቱን ነው፤ በጀት አልነበረም። ነገር ግን ኤዲተሩ ከዚህ መልስ የሚረዳው ጥያቄው አለመመለሱን ብቻ ነው።

ስንነጋገር ገምጋሚው ትክክል መሆኑ ገባው። ክረምት ላይ ውሃው ሲበዛ ከፋብሪካ የሚወጣው ፍሳሽ ይቀጥናል፤ በበጋ የሚለካው ሌላ ሊሆን ይችላል። የጽሑፉ ርዕስ ግን ዓመቱን ሙሉ የተለካ ያስመስላል። ስለዚህ መልሱ እንዲህ ተለወጠ፦ "ለአስተያየቱ እናመሰግናለን። ናሙናው የተወሰደው በክረምት ብቻ ነው። ስለዚህ ርዕሱ ላይ 'በክረምት ወራት' የሚል ጨምረናል፤ መደምደሚያውንም በዚያው ወቅት ወስነናል። ገደቡን ገጽ 11፣ መስመር 214 ላይ ገልጸናል።" አዲስ ናሙና አልተወሰደም፣ ብር አልወጣም። የተቀነሰው ጽሑፉ ያለ ማስረጃ የተናገረው ነው።

የመልስ ደብዳቤ አሠራሩ ይኸው ነው። የገምጋሚውን አስተያየት አንድ በአንድ ቁጥር ሰጥታችሁ እንዳለ ቅዱት፣ ከሥሩ መልሳችሁን ጻፉ፣ የተለወጠውን ቦታ በገጽና በመስመር አሳዩ። አንዲት አስተያየት እንኳ አትዝለሉ፤ የፊደል ስህተት ብትሆንም "ታርሟል" በሉ። ካልተስማማችሁ አለመስማማት ይቻላል፣ ግን በማስረጃ። ደብዳቤውን ባነበባችሁበት ቀን መልስ አትጻፉ፤ ሁለት ቀን አሳድሩት።

ንዴቱ የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1936 አይንስታይን "ፊዚካል ሪቪው" ለተባለው ጆርናል ስለ ግራቪቲ ሞገድ የላከው ጽሑፍ የገምጋሚ አስተያየት ተያይዞ ሲመለስለት፣ "ከመታተሙ በፊት ለባለሙያ አሳዩልኝ አላልኩም" ብሎ ተቆጥቶ አስወጣው። ስህተት እንደነበረበት ኋላ ላይ ታወቀ፤ በቀጣዩ ዓመት የታተመው ታርሞ ነው፣ ያውም ሌላ ጆርናል ላይ።

አንዱ ገምጋሚ "ይታተም"፣ ሌላው "አይረባም"

ይህ ድምፅ ቆጠራ አይደለም፤ የሚወስነው ኤዲተሩ ነው። የእሱን ደብዳቤ ቀድማችሁ አንብቡ፣ የትኛውን እንደደገፈ አብዛኛውን ጊዜ ይታወቃል። ካልታወቀ "በዚህ ነጥብ የትኛውን እንከተል?" ብላችሁ ጠይቁት፤ ነውር የለውም።

ስም ይደበቅ ተብሎ ፋይሉ ተመለሰ

ጸሐፊና ገምጋሚ በማይተዋወቁበት ግምገማ ስማችሁን ከርዕሱ ሥር ማጥፋት አይበቃም። የወርድ ፋይሉ ንብረት ውስጥ፣ ምስጋናው ላይ፣ "ባለፈው ጥናታችን እንዳሳየነው" በሚል ሐረግ ውስጥ ትገኛላችሁ። ሦስቱንም አጽዱ።

በአምስት ቀን "ተቀብለናል፣ ክፈሉ" አሉ

እንኳን ደስ ያላችሁ ከማለቴ በፊት፣ የገምጋሚዎቹ አስተያየት የት አለ? ካልተላከላችሁ ግምገማ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2013 አንድ ጋዜጠኛ ሆን ተብሎ በስህተት የተሞላ የሐሰት ጽሑፍ ማንም በነፃ ለሚያነባቸው 304 ክፍት ጆርናሎች ልኮ ከግማሽ በላይ ተቀብለውታል።

ክፍያ በራሱ ማጭበርበር አይደለም፤ ደህና የሚባሉ ክፍት ጆርናሎችም ያስከፍላሉ። ማጣሪያው ሌላ ነው። ጆርናሉ "ስኮፐስ ውስጥ አለሁ" (ስኮፐስ የምርምር ጆርናሎች የመረጃ ቋት ነው) ቢል አትመኑት፤ መለያ ቁጥሩን (ISSN) ይዛችሁ ራሱ ስኮፐስ ላይ ወይም ዶአጅ (DOAJ) በተባለው የክፍት ጆርናሎች ማውጫ ላይ ፈልጉት። ክፍያውን ደግሞ ስትልኩ ቀድማችሁ ጠይቁ፦ ብዙ አሳታሚዎች ከኢትዮጵያ ለሚልኩ ጸሐፊዎች ክፍያውን ያነሳሉ ወይም ይቀንሳሉ፤ ጽሑፉ ከተፈቀደ በኋላ የሚመጣን ጥያቄ ግን ብዙዎቹ አይሰሙም።

የማስተካከያው ቀን ሊያልፍ ነው

መብራት ጠፋ፣ ኔትወርክ ተቋረጠ፣ ፈተና እያረምን ነው፤ ሁሉም ይገጥማል። ቀኑ ካለፈ ሲስተሙ ጽሑፉን እንደ አዲስ ሊቆጥረው ይችላል። ሳያልፍ "ሦስት ሳምንት ይጨመርልን" ብላችሁ ጻፉ። ባልደረባዬ ከዚያው ቡና ቤት፣ ስኒው ሳይነሳ፣ በስልኩ ጻፈ። ኮምቦልቻ ሳይደርስ ፈቅደውለታል።