ክሊቭ፦ ሰነጠቀ ወይስ ተጣበቀ? እንዴት እንደሚለይ

"ክሊቭ" የሚባል የእንግሊዝኛ ግስ አለ። መዝገበ ቃላት ስትከፍቱ "ሰነጠቀ፣ ለሁለት ከፈለ" ይላችኋል። ትንሽ ዝቅ ስትሉ ደግሞ "ተጣበቀ፣ የሙጥኝ አለ"። እኔ መጀመሪያ ሳየው የሕትመት ስህተት ነበር የመሰለኝ።

ስህተት አይደለም፣ ሞክሼዎች ናቸው። በጥንቱ እንግሊዝኛ ሁለት የተለያዩ ግሶች ነበሩ፤ ዘመን ሲገፋ ድምፃቸው ተቀራረበና አንድ ዓይነት አጻጻፍ ይዘው ቀሩ።

ለመለየት መጀመሪያ ከግሱ ቀጥሎ ያለውን ቃል እዩ። "ቱ" የሚል መስተዋድድ ካለ ነገሩ መጣበቅ ነው። በ1611 የታተመው የኪንግ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ዘፍጥረት 2፥24 ላይ ሰው ከሚስቱ ጋር "ክሊቭ አንቱ" ይላል፤ "አንቱ" የ"ቱ" የድሮ መልክ ነው እንጂ አክብሮት አይደለም። የእኛውም "ይጣበቃል" ነው የሚለው። መስተዋድድ ከሌለና ግሱ በቀጥታ አንድን ነገር ከያዘ ግን መሰንጠቅ ነው፦ አብርሃም ለመሥዋዕቱ እንጨት ሲፈልጥ (ዘፍጥረት 22፥3) የተጻፈው ይኸው ግስ ነው፣ "ክሌቭ" በሚል አሮጌ የኃላፊ ጊዜ።

አንድ ወጥመድ አለ። "ክሊቭ ኢን ቱ" ሲባል ሰምታችሁ "ቱ አለበት፣ እንግዲህ መጣበቅ ነው" እንዳትሉ። ያኛው ቱ ቁጥር ነው፤ ለሁለት ሰነጠቀ ማለት ነው።

ከዚያ የኃላፊ ጊዜውን ተመልከቱ። "ክሊቭድ" ለሁለቱም ይሆናል፣ ስለዚህ አይረዳችሁም። "ክሌፍት"፣ "ክሎቭ" ወይም "ክሎቨን" ካያችሁ ግን ዛሬ መሰንጠቅ መሆኑን አትጠራጠሩ። የበሬና የበግ ስንጥቅ ሰኮና "ክሎቨን ሁፍ" ይባላል፣ የከንፈር መሰንጠቅ "ክሌፍት ሊፕ"፣ አጥንት የሚመታበት ሰፊው ቢላዋ "ክሊቨር"። ከነጭ ሽንኩርት ራስ ላይ የምትገነጠለው ፍሬ "ክሎቭ" የተባለችውም ከዚሁ ዘር ነው። ቅርንፉድም በእንግሊዝኛ ክሎቭ ይባላል፣ ግን ዝምድና የላቸውም፤ የቅርንፉዱ ስም በፈረንሳይኛ በኩል የመጣ "ምስማር" የሚል የላቲን ቃል ነው። አንዷን አንሥታችሁ እዩአት፣ ራስ ያላት ትንሽ ምስማር ናት።

በወሬ መሀል ባትጠቀሙበት ይሻላል፤ "ስፕሊት" እና "ስቲክ" ይበቃሉ። ጽሑፍ ላይ ግን ስለ እምነት ወይም ስለ ቆየ ልማድ ስታወሩ ያምራል። "ሺ ክሊቭድ ቱ ኸር ፌይዝ" ብትሉ፣ እምነቷን የሙጥኝ አለች ነው።